ፖይንት ሬይስ ወይስ ፒጀን ፖይንት?

ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስተው ጥንታዊ የባሕር መብራት ማማ ማየት ካሰቡ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ያሉት እነዚህ ሁለት ማማዎች ጥሩ ምርጫ ናቸው። መግቢያው ለሁለቱም ነጻ ነው።

ቁመት፦ ፒጀን ፖይንት (እ.ኤ.አ. 1872) 35 ሜትር ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ፖይንት ሬይስ (1870) 11 ሜትር ብቻ። ማጠሩ አያስገርምም፤ የገደሉን አናት ጉም ስለሚሸፍነው ብርሃኑ ከጉሙ በታች እንዲሆን ማማውን አጭር አድርገው ከአናቱ ዝቅ ብሎ ነው የሠሩት።

ድካም፦ ሬይስ ከገደሉ አናት ወደ ማማው የሚያወርድ 313 ደረጃ አለው። መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው ጉድ! ነፋሱም አይጣል ነው፤ ሲበረታ ደረጃው ይዘጋል። ፒጀን ጋ መኪና አቁሞ ጥቂት መራመድ ነው።

ማደሪያ፦ የፒጀን የመብራት ጠባቂዎች ቤቶች ርካሽ ማረፊያ ሆነዋል።

ከአረጋውያን ወይም ከሕፃናት ጋር ከሆኑ ፒጀን። በጥር ዓሣ ነባሪ ሲያልፍ ለማየት፣ ጉልበት ካለ፣ ሬይስ። ጃኬት ግን በሐምሌም ቢሆን ይያዙ።