በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ የሚሸጡ፣ በደራሲያን ወጪ የታተሙ ልብ ወለዶች

ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አካባቢ የሚገኙት የመጻሕፍት መደብሮችና አዟሪዎች፣ ደራሲያን በራሳቸው ወጪ አሳትመው የሚያስረክቧቸውን ልብ ወለዶችም ይሸጣሉ። በሀገራችን ደራሲው ራሱ ገንዘብ አሰባስቦ ለማተሚያ ቤት መክፈሉ፣ ከዚያም መጽሐፉን ተሸክሞ በየመደብሩ መዞሩ የተለመደ በመሆኑ፣ የሳይንስ ልብ ወለድ፣ የምናብ ዓለም ታሪክ ወይም የሰውን ልጅ ጨለማ ገጽ የሚያሳይ ድራማ የሚፈልግ አንባቢ ወደዚህ ሰፈር ጎራ ቢል አይከፋውም።

ከሦስቱ ዘርፎች ልቆ ያገኘሁት የምናብ ዓለሙን ነው። ጸሐፊዎቹ ዘንዶና ጠንቋይ ከባሕር ማዶ ከመዋስ ይልቅ ደብተራውን፣ ዛሩን፣ ቡዳውንና ክታቡን ይዘው ይነሣሉ። በቅርቡ ከገዛኋቸው የአንዱ ታሪክ የሚያጠነጥነው በብራና ክታብ ላይ ነው። በጥንቱ ልማድ እንዲህ ያለው ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ስለነበር፣ ደራሲው ከዚሁ ተነሥቶ፣ በሕፃንነቷ የተጻፈላት ክታብ እያደገች ስትሄድ ያጠረባት ልጅ ምን እንደሚገጥማት ይተርካል። እናቷ በየዓመቱ የልጅቱን ቁመት በግድግዳው ላይ በከሰል እያሰመረች ከብራናው ጋር የምታስተያይበት ምዕራፍ፣ አንድም የጋኔን ጩኸት ሳይሰማበት ያስፈራል። የክታቡ ሕግ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ግልጽ ስለሆነ፣ አንባቢው አደጋው ከየት እንደሚመጣ እያወቀ ይጨነቃል።

የሳይንስ ልብ ወለዱ ግን ቅር ያሰኛል። እንጦጦ ላይ የጠፈር ምልከታ ማዕከል ባላት፣ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ባስወነጨፈች ሀገር ተቀምጠው፣ ያነበብኳቸው ደራሲያን አብዛኞቹ ታሪኩን አሜሪካ ወዳለ ምስጢራዊ ቤተ ሙከራ ይወስዱታል፤ እዚያም አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ (ሁልጊዜ ዶክተር ነው፤ ቴክኒሻን መሆን ክልክል ይመስል) ድርጊቱን አቁሞ ሳይንሱን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ያስረዳናል።

ስለ ጨለማው ድራማ ብዙ የምለው የለኝም። በቤተሰብ ውስጥ የተደበቀን ግፍ ሲገልጡ ብዕራቸው ብርቱ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን በዳዩ በድንገት ንስሐ ይገባና ሁሉም ይታረቃል።

ሦስቱንም ዘርፎች የሚጎዳው የአርታኢ አለመኖር ነው። ከላይ ባወደስኩት መጽሐፍ እንኳ የምስጋናው ገጽ ከጎረቤት እስከ ሽፋን ሠሪ ሁሉንም ሲያመሰግን የአርታኢ ስም አያነሣም፤ ይህም ያስታውቃል። የባለታሪኳ ስም በአንዱ ገጽ በ«ሀ»፣ በሌላው በ«ሐ» ተጽፏል። ጽሑፉ ከአንድ የፊደል ዓይነት ወደ ሌላ ሲገለበጥ ማንም መልሶ ስላላየው «ኋ» እና «ጓ» በየቦታው ባዶ ሳጥን ሆነው ቀርተዋል። ደራሲው ለሚያብረቀርቀው ሽፋን ካወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለአንድ ብቁ አርታኢ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ያለ ማመንታት ለማንም እጋብዝ ነበር።

ስለ ሻጮቹ አገልግሎት ቅሬታ የለኝም፤ ብዙዎቹ የሚሸጡትን አንብበዋል፣ መካከለኛ ምዕራፍ ገልጦ ለማየትም አይከለክሉም። በጀርባ ሽፋኑ ላይ በታተመው ዋጋ ላይ ሌላ ተለጥፎበት ሊገኝ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በቴሌግራም በነጻ የሚዘዋወረው ቅጂ ለደራሲው አንዲት ሳንቲም ስለማያስገባ፣ የማተሚያ ዕዳውን ከሽያጩ ለሚከፍለው ደራሲ ሲባል የታተመውን ቅጂ መግዛት ይሻላል። ከመክፈልዎ በፊት ግን የገጾቹን ቁጥር እስከ መጨረሻው ያገላብጡ፤ እኔ ከገዛሁት አንድ ቅጂ ውስጥ አንድ ሙሉ ጥራዝ (አብረው የታጠፉ ገጾች) ጎድሎ ነበር፣ ሻጩም ያለ ክርክር በሌላ ቀይሮልኛል።