ነጻውን ቼዝ በ4,000 ብር ገዛሁት

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ወደ ስታዲየም አካባቢ የምትወርዱ ቼዝ ወዳጆች፣ ይቺን አንብባችሁ ውረዱ። እኔ ተበልቻለሁ።

አሮጌው ላፕቶፔ አልነሳ ሲለኝ ከሥራ ወጥቼ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ለምን ሥራ ይፈልጉታል?» አለኝ። ለቢሮ ጽሑፍ፣ ማታ ማታ ደግሞ ቼዝ እጫወትበታለሁ አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው! ወዲያው ከመሳቢያ ቀይ ቦርሳ አወጣ። ውስጡ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ አለ።

«ካስፓሮቭን ያሸነፈው ፕሮግራም ይሄ ነው። የጨዋታ መጨረሻ በሙሉ ተሰልቶ ገብቶበታል። አስተማሪም አለው። ለእርስዎ በ4,000 ላድርገው።»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ኒውዮርክ ላይ 3.5 ለ 2.5 ያሸነፈው ዲፕ ብሉ ነው። እሱ ደግሞ ፍላሽ ላይ የሚገለበጥ ነገር አይደለም። አይቢኤም ለዚያው ሥራ ብሎ የሠራው፣ 480 የቼዝ ቺፖች የተሰኩበት፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን ነበር። በሰከንድ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ ይመረምራል። አሁን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ዕቃ ሲያምረኝ የማውቀውን እረሳለሁ፣ አመሌ ነው።

ከፈልኩ። ደረሰኝ ስለው «የላፕቶፑን እቆርጥልዎታለሁ፣ ሶፍትዌር ደረሰኝ የለውም» አለኝ። ፕሮግራሙን ሲጭንልኝ አንቲቫይረሱን አጠፋው። «አለዚያ ክራኩን ይበላዋል» አለ፤ ክራክ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍት ፋይል ነው። እኔም እሺ ብዬ ቆሜ አየሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። አምስት ኪሎ ቤቴ ቁጭ ብዬ በየምሽቱ እሸነፋለሁ። ላፕቶፑ ግን ይጮሃል። ባለቤቴ «ወፍጮ ቤት ገባን እንዴ?» አለችኝ። ቼዝ እያሰበ ነው አልኳት። ውሸት አልነበረም። የቼዝ ኢንጂን፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያሰላው ፕሮግራም፣ ሲያስብ የተፈቀደለትን የፕሮሰሰር ኮር ሁሉ እስከ ጥግ ያሠራል፤ ስለዚህ ማሽኑ ቢግል፣ ፋኑ ቢያጓራ፣ ባትሪው ቶሎ ቢያልቅ ያለ ነው። የሸወደኝም ይሄው ነው። ቼዙን ዘግቼ ደብዳቤ ስጽፍም ወፍጮው አልቆመም፤ እኔ ግን አልጠረጠርኩም።

እሑድ የእህቴ ልጅ መጣ። ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፈተ። ቼዙ ተዘግቶ ሳለ ፕሮሰሰሩ 90 በመቶ ላይ ነው። አንቲቫይረሱን መልሶ አብርቶ ሲያስፈትሸው ጉዱ ከክራኩ ውስጥ ወጣ። «አጎቴ፣ ማይነር ተክለውብዎታል። በእርስዎ መብራት ሌላ ሰው ክሪፕቶ ይቆፍራል» አለኝ። ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነልኝ። የይለፍ ቃሎቼን በሙሉ ቀየርኩ፣ የባንኩን ቀድሜ። አንቲቫይረስ አጥፉ የሚል ማንኛውም ፕሮግራም ሲገጥማችሁ እዚያው ተነሱና ውጡ።

ልጁ ከማጥፋቱ በፊት ግን አንድ ነገር አሳየኝ። የፕሮግራሙን ፎልደር ከፍቶ ኢንጂኑን ሁለቴ ጠቅ አደረገው። ጥቁር መስኮት ወጣ። በእንግሊዝኛ ፊደል ዩ፣ ሲ፣ አይ ብሎ ጻፈና ኢንተር መታ። ኢንጂንና ስክሪን ላይ የምናየው ሰሌዳ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። መልሱ ስሙን ነገረን፦ ስቶክፊሽ 15። በዓለም ላይ ካሉት ጠንካራ ኢንጂኖች አንዱ፤ ዋጋው ዜሮ ብር።

ስቶክፊሽ እንደ አውሮፓውያን በ2008 የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። መነሻው የአንድ ኖርዌያዊ ፕሮግራም ነው፤ ከዚያ አንድ ጣልያናዊ ቀጠለው። ስሙም ቀልድ አለበት፦ ስቶክፊሽ ኖርዌይ ደርቆ ጣልያን የሚበስል ዓሣ ነው። ይሄ ኢንጂን የራሱ ሰሌዳ የለውም። ሻጮቹ ክራክ የተደረገ የሌላ ድርጅት ሰሌዳ ደርበውበት፣ ስሙን ደብቀው ሸጡልኝ። «አስተማሪ» ያሉት ከ0 እስከ 20 የሚሄደው የስቶክፊሽ የችሎታ ደረጃ ነው።

«የጨዋታ መጨረሻ በሙሉ» ያሉትስ? ሰሌዳው ላይ ንጉሦቹን ጨምሮ እስከ አምስት ጠጠር ሲቀር ያለው ስሌት አንድ ጊጋ ገደማ ነው። ስድስት ጠጠር ሲሆን 150 ጊጋ አካባቢ ይደርሳል። ሰባት ሲሆን ከ16 ቴራባይት ያልፋል። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ውስጥ ምን እንደገባ እናንተው ገምቱ። እሱም በነጻ ይወርዳል።

ሐቁን ለመናገር፣ ስቶክፊሽን መሸጥ በራሱ ክልክል አይደለም። ፈቃዱ ይፈቅዳል። ግን ምን እንደሆነ መናገርና ኮዱንም ለገዢው መስጠት ግዴታ ነው። በዚሁ ጉዳይ የስቶክፊሽ ገንቢዎች እንደ አውሮፓውያን በ2021 ቼስቤዝ የተባለውን የጀርመን ድርጅት ከሰው፣ በ2022 በስምምነት ጨርሰዋል። ስለዚህ ሻጩ «ነጻ ነው፣ የጫንኩበትን የእጅ 300 ብር ስጡኝ» ቢለኝ ኖሮ አመስግኜ እሰጠው ነበር።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ፍላሽ ከተከፈተ አይመለስም» አለኝ። ደረሰኝ የለኝም፣ ምን ልበል?

እናንተ ስቶክፊሽን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ለሰሌዳ ሉካስ ቼስ ወይም አሬና አለ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ለጀማሪ ሉካስ ይሻላል፣ ደካማ ተጋጣሚም አለው፤ እኔ አሁን የምሸነፈው በእነሱ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ከጓደኛ በፍላሽ ውሰዱ፣ ሕጋዊ ነው። ኔት ካለ ደግሞ ሊቼስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ምንም ሳይከፍሉ መጫወት ይቻላል።

አንድ ጥቅም ልጨምር። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ስቶክፊሽን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ኮሩን ሁሉ ፈቅዳችሁ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አሠሩት። ባትሪው ወይም ፋኑ ችግር ካለበት ብዙ ጊዜ እዚያው ይታያል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር አትፍሩ።

ከሱቁ ስወጣ ሻጩ ቀዩን ቦርሳ ለአንድ ተማሪ እያሳየ ነበር። ተማሪውን «ዩ፣ ሲ፣ አይ ብለህ ጻፍበት» አልኩትና ወጣሁ።