መድኃኒቱን ከነማስጠንቀቂያው የሚሰጥ ፋርማሲ፦ ከጎንደር ፒያሳ

አንገቱ ላይ ካለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ከልክ በላይ የሚመነጭበት ሰው ሕመሙ በመድኃኒት እንደሚገታ ቢነገረውም፣ መድኃኒቱ ራሱ ምን ሊያስከትልበት እንደሚችል ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳው ባለሙያ ሁልጊዜ አያገኝም። በጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ አንድ አነስተኛ ፋርማሲ ይህን ክፍተት በሚገባ እየሞላ በመሆኑ፣ እንደ እኔ እንቅርት ኖሮባቸው ክትትል ላይ ላሉ ሰዎች አገልግሎቱን ማስተዋወቅ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የታዘዘልኝ የሆርሞኑን መመረት የሚቀንሰው ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ በተለምዶ ፒቲዩ የሚባለው ክኒን፣ እንዲሁም የልብ ምትን የሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎል ነው። ፒቲዩ ከደም ቶሎ የሚወጣ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በቀን 3 ጊዜ ይወሰዳል። ፋርማሲስቷ «በየ8 ሰዓቱ» ብላ ከማሰናበት ይልቅ የምነሳበትንና የምተኛበትን ሰዓት ጠይቃ፣ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ብላ በማሸጊያው ላይ ጻፈችልኝ። ዐቢይ ጾም መቅረቡንም አልዘነጋችም፤ የጠዋቱንና የቀኑን ክኒን በራሴ ፈቃድ ከመተዌ በፊት ሐኪሜንም የንስሐ አባቴንም እንዳማክር አሳሰበችኝ።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ግን ሊታገሡት የሚቻለውን የጎንዮሽ ጉዳት ፈጽሞ ችላ ሊባል ከማይገባው ለይተው ማስረዳታቸውን ነው። ቀላል ማሳከክ፣ ማቅለሽለሽና የአፍ ጣዕም መለወጥ በቀጠሮ ቀን ለሐኪም የሚነገሩ ናቸው። ድንገተኛ ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ሲመጣ ግን መድኃኒቱ የነጭ የደም ሕዋሳትን ቁጥር በአደገኛ ሁኔታ ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ክኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደም መመርመር የግድ ነው። ይህ የሚደርሰው በጥቂት ሰዎች ላይ ሲሆን፣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ይከሰታል። እኛ ዘንድ ጉሮሮውን ያመመው ሰው ዝንጅብል በማር አፍልቶ መጠጣቱ፣ ካልተሻለውም አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጡ የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ መስማት ሕይወት ያድናል ብዬ አምናለሁ። አንድ አዛውንት ለጉሮሯቸው መድኃኒት ሲጠይቁ ፋርማሲስቷ «አባቴ፣ መጀመሪያ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ይንገሩኝ» ስትላቸው ሰምቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ በሌሎች መደብሮች እምብዛም አልሰማሁትም።

የጉበቱንም ጉዳይ አልሸሸጉኝም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፒቲዩ ከባድ የጉበት ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የሚገልጽ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ያደረገው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ ከቀኝ ጎድን በታች የሚሰማ ሕመምና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ከታዩ እንደ ተራ ድካም መቆጠር የለባቸውም።

ሁለተኛው የጠቀመኝ ምክር ብዙ ሰው ከሚያምታታው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ብርድ ብርድ ማለት፣ እንቅልፍ መብዛትና ክብደት መጨመር የሚመጡት የመድኃኒቱ መጠን ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ሆርሞኑ ከመጠን በታች ሲወርድ ሊሆን ስለሚችል፣ መፍትሔው ክኒኑን ጨርሶ መተው ሳይሆን ተመርምሮ መጠኑን ማስተካከል ነው። ቲኤስኤች የተባለው፣ የታይሮይድ ዕጢን የሚያዘው ሆርሞን የሚለካበት የደም ምርመራ ለውጡን ለማሳየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚዘገይ፣ ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ቲ4 የተባለው ሆርሞን አብሮ መታየት ይኖርበታል። የእጅና የእግር መቀዝቀዝን ፕሮፕራኖሎልም ሊያመጣ ይችላል፤ ለአስም ሕመምተኛ አደገኛ በመሆኑም ከመስጠታቸው በፊት ስለ አስም ጠይቀውኛል። በድንገት እንዳላቋርጠውም አስጠንቅቀውኛል።

በአንድ ወቅት የለመድኩት የ100 ሚሊግራም ክኒን አልቆ የ50 ሚሊግራሙ ብቻ ሲገኝ፣ መጠኑ እንዳይቀንስብኝ የክኒኑን ቁጥር እጥፍ እንዳደርግ በቃልም በጽሑፍም ነግረውኛል።

ድክመታቸው የቦታ ጥበት ነው። ምክሩ የሚሰጠው ሌላ ደንበኛ በሚሰማበት ባንኮኒ ላይ በመሆኑ፣ በተለይ ሴቶች ስለ እርግዝና ሲጠየቁ ይሸማቀቃሉ። ጥያቄው ግን ሊዘለል የሚችል አይደለም፤ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የመድኃኒት ምርጫው ስለሚለይ፣ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መመካከር አለባት። በመጋረጃ የተከለለች አንዲት ጥግ ብትዘጋጅ ችግሩ በብዙ ይቃለል ነበር። ፒቲዩ አልፎ አልፎ ስለሚያልቅባቸውም፣ ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መሄድ ይሻላል። የሚሄድ ሰው የቀድሞውን ማሸጊያና የመጨረሻውን የላብራቶሪ ውጤት ይዞ፣ ደንበኛ በማይበዛበት ረፋድ ላይ ቢሆን በእርጋታ ያነጋግሩታል።