ሌክሰስ አርኤክስ ወይስ አኩራ ኤምዲኤክስ?

አሜሪካ ውስጥ 50,000 ዶላር አካባቢ መድቦ ደህና የቅንጦት ኤስዩቪ የሚፈልግ ቤተሰብ ሲመካከር እነዚህ ሁለት መኪኖች ሳይነሱ አይቀሩም። ሌክሰስ የቶዮታ ነው፣ አኩራ የሆንዳ። የመነሻ ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ብዙ ሰው በመልካቸው ይመርጣል። እኔ ግን ከመልኩ በፊት አንድ ነገር አስቡ እላለሁ፦ በአዘቦቱ ቀን መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ስንት ሰው ነው?

አርኤክስ የሚይዘው አምስት ሰው ነው። በቃ። ከ2018 እስከ 2022 ሞዴል ድረስ አርኤክስ ኤል የሚባል ባለ ሦስት ረድፍ ነበረው፤ የኋለኛው ረድፍ ግን አዋቂ የማያስቀምጥ ጠባብ ነበር። ዛሬ ሌክሰስ ሦስት ረድፍ ለሚፈልግ የሚሸጠው ቲኤክስን ነው። ኤምዲኤክስ ሰባት ሰው ይይዛል። የመካከለኛው ረድፍ የመሃል ወንበር ተነቅሎ ይወጣል፤ ልጆች በዚያ በኩል ወደ ኋላ ያልፋሉ። ሦስት ልጅ ያለው፣ የዘመድ ልጅም ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው ይህ በየቀኑ ይጠቅመዋል።

ነገር ግን ሦስተኛው ረድፍ የልጆች ነው። ረዥም ሰው እዚያ ከተቀመጠ ጉልበቱ ይጠብበዋል። ሌላም አለ። እናትና አባት ከአገር ቤት ሲመጡ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዘው ነው። ሦስተኛው ረድፍ ሰው ከያዘ ከኋላው የሚቀረው ቦታ አራት ትልልቅ ሻንጣ አይችልም። «ሰባት ሰው ስለሚይዝ ለኤርፖርት ይሆነናል» ብላችሁ ኤምዲኤክስን ከመረጣችሁ ኤርፖርት ስትደርሱ ሁለተኛ መኪና ትፈልጋላችሁ። ለዓመት አንድ ቀን ደግሞ መከራየት ይሻላል።

ወደ ነዳጅ እንምጣ። እዚህ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። አርኤክስ 350ኤች፣ በቤንዚንና በባትሪ የሚሄደው ሃይብሪዱ ማለቴ ነው፣ በአማካይ በአንድ ጋሎን 36 ማይል ይሄዳል። አራቱን ጎማ የሚነዳው ኤምዲኤክስ 21 ነው። በዓመት 15,000 ማይል የሚነዳ ሰው በሃይብሪዱ ወደ 417 ጋሎን፣ በኤምዲኤክስ ደግሞ ወደ 714 ጋሎን ይቀዳል። ልዩነቱ 300 ጋሎን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ያውም ሃይብሪዱ ሬጉላር፣ ማለትም ተራው ቤንዚን፣ ይበቃዋል፤ ለኤምዲኤክስ የሚመከረው ውዱ ፕሪሚየም ነው። ከተማ ውስጥ ሲቆም ሲነሳ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ጉልበት የሚወድ ሰው በሃይብሪዱ ላይረካ ይችላል። 246 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፤ በኃይል ስትረግጡት ሞተሩ ይጮኻል። ኤምዲኤክስ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር) ነው፣ 290 የፈረስ ጉልበት አለው፣ አነሳሱም ልስልስ ያለ ነው። ኩርባ ላይ ደግሞ በጣም ጎበዝ ነው። የአራት ጎማ ሥርዓቱ ኃይሉን ወደ ኋላ ልኮ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያከፋፍለዋል። መንዳት ለሚያስደስተው ሰው ያለማመንታት ኤምዲኤክስን እመክራለሁ። ብቻ መነሻው ሞዴል በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ፣ በረዶ ያለበት አገር የምትኖሩ ከመፈረማችሁ በፊት አረጋግጡ።

አሥር ዓመት ልትይዙት ካሰባችሁ ሞተሩን አጥብቃችሁ ጠይቁ። የኤምዲኤክሱ ቪ6 የሚሠራው በታይሚንግ ቤልት፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል በሚያዞር የጎማ ቀበቶ፣ ነው። 100,000 ማይል አካባቢ ሲደርስ ቤልቱ ይቀየራል፤ የውሃ ፓምፑም አብሮ ቢቀየር ይሻላል። ርካሽ ሥራ አይደለም። ችላ ተብሎ ቤልቱ ከተበጠሰ ሞተሩ ውስጡ ይጎዳል። የአርኤክሱ በቤልት ፋንታ የብረት ካቴና ስለሆነ ይህ ወጪ የለበትም። የሃይብሪዱን ባትሪ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ግን ሌክሰስ ለባትሪው የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋራንቲ ይሰጣል። የቀረው ዋራንቲ እኩል ነው፦ ጠቅላላው 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል፣ ሞተርና ካምቢዮ 6 ዓመት ወይም 70,000 ማይል።

ውስጡን በተመለከተ አርኤክስ ጸጥታውና የወንበሩ ምቾት ደስ ይላል። በሩ ግን ከውስጥ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ፣ በመጫን ነው። ወላጆቻችሁን የምታሳፍሩ ከሆነ መጀመሪያ አሳዩአቸው፤ በእጅ ለመክፈት እጀታውን ሁለቴ መሳብ ነው። የኤምዲኤክስ ስክሪን ከ2022 እስከ 2024 በጣት አይነካም፤ መሃል ላይ ባለ መዳሰሻ ነው የሚታዘዘው፣ ለመልመድም ያስቸግራል። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ በጣት ሆኗል። አዲስ ኤምዲኤክስ የምትገዙ 2025 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን ፈልጉ።

በእኔ ግምት ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ቤተሰብ 350ኤች ይሻላል። ልጆቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኤምዲኤክስ።

ያገለገለ ለሚፈልግ ከ2016 እስከ 2022 ያለው አርኤክስ 350 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቪ6 ሞተሩ ባለ ካቴና ነው። ከ2016 እስከ 2020 ያለው ሃይብሪድ ያልሆነ ኤምዲኤክስ ባለ ዘጠኝ ማርሽ ካምቢዮ ነው፤ በዝግታ ሲነዳ ያንገጫግጫል የሚል ቅሬታ ይነሳበታል። ስለዚህ ሃይዌይ ላይ ብቻ ነድታችሁ አትመለሱ። ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሱት፣ መብራት በበዛበት መንገድ ቀስ ብላችሁ ንዱት። ቤልቱ ተቀይሮ ከሆነም ደረሰኙን በዓይናችሁ እዩ።