ደንገጎን በሳይክል ያስወጡኝ ጋሼ

ባለፈው እሁድ ከድሬ ተነስቼ ሐረር እናቴ ቤት በሳይክል ገባሁ። እናቴ በር ላይ ስታየኝ እልል አለች። ለዚህ ያበቁኝን የሳይክል ጠጋኝ፣ ጋሼን፣ ሳላመሰግን ብቀር ይከብደኛል።

ድሬ ላይ ሳይክል ብርቅ አይደለም። ሜዳ ነው፤ ከዚራ የዛፍ ጥላ አለው፤ ልጅ ሆነን በኪራይ ሳይክል ነው ያደግነው። ሐረር ግን ሌላ ነገር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ገና ሳይሞቅሽ ደግሞ ደንገጎ የሚባለው ዳገት ይጠብቅሻል።

ዓምና የገዛሁት ሳይክል አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ርካሽ ነበር። ሻጩ "ለሴት ይሄ ይበቃል" አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ካቴናው መውለቅ ጀመረ። ማርሹ እንደፈለገው ይቀያየራል። ስመልሰው "አንዴ ከሸጥን አይመለከተንም" ተባልኩ። ሌላ ቦታ ለጥገና ብሰጠው ሦስት ቀን አቆይተው፣ ብሬን ቆጥረው ተቀብለው፣ አብሶበት መለሱልኝ። ከሁሉ የማልረሳው ግን የደንገጎን ቁልቁለት ነው። ፍሬን ጨበጥኩ፣ አልያዘም። ከፊቴ የጫነ መኪና አለ። ወደ አፈሩ ጠምዝዤ ወደቅሁ። ጠባሳው ዛሬም ክርኔ ላይ አለ። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት አስገባች። እኔ ለወራት ሳይክል ሳይ ሆዴ ይረበሽ ነበር።

ጋሼ ጋ የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት። ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ስር ነው የሚሠሩት። ሳይክሌን አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ ጥፋቱ የጉልበትሽ አይደለም። ይሄ ለሰፈር ነው የተሠራው። ላስተካክለው ብዬ ብርሽን አልበላም" አሉኝ። እስከዚያ ቀን እውነቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አንድ አሮጌ ቱሪንግ ሳይክል፣ ለረጅም ጉዞ የሚሆን፣ አወጡ። አንድ የውጭ አገር ተጓዥ ሸጦት የሄደ ነው። ሦስት ሳምንት ሠሩት። ኩሽኔታ ሲሉ፣ ሽቦ ሲሉ አብዛኛው አልገባኝም። የገባኝ ብረት ስለሆነ ቢሰበር የትም እንደሚበየድ፣ ከኋላ ቢጫንበት እንደማይወላወል፣ ዳገት ላይ እግር የሚያሳርፍ ማርሽ እንዳለው ነው።

ልወስደው ስመጣ ግን አልሰጡኝም። "መጀመሪያ ጎማ መለጠፍ ተማሪ፤ ደንገጎ ላይ ጎሚስታ የለም" አሉ። አራት ጊዜ አስፈቱኝ፣ አራት ጊዜ አስገጠሙኝ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ሰልችቶት "እኔ ልሥራላት" ሲል "ተዋት፣ እጇ ይልመድ" አሉት። ለዚያ ሁሉ ሰዓት አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። ያን ቀን ቤቴ ስገባ እሱን አስታወስኩ።

እሁድ አዴሌን እንዳለፍኩ ጎማዬን እሾህ ወጋው። አልደነገጥኩም። ፈታሁ፣ ለጠፍኩ፣ ነፋሁ፣ ሄድኩ። ሐረማያ ስደርስ ቆምኩ። ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውሃ ተመልሶበታል። በመኪና ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፣ እንዲህ ረግቼ አይቼው ግን አላውቅም። አወዳይ የጫት ነጋዴዎቹ "አይዞሽ!" እያሉ ሸኙኝ።

ሰኞ ስመለስ ያቺ የወደቅሁባት ኩርባ መጣች። ፍሬን ጨበጥኩ። ያዘ። ወርጄ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ድሬዎች፣ አቦ ሂዱ! ሳይክላችሁ ካስቸገራችሁ ሂዱ፤ አዲስ ልትገዙም ከሆነ መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቁ። እንዲህ ያለ እጅም፣ እንዲህ ያለ አንጀትም አላየሁም። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሴ አደርሳችኋለሁ። ብቻ ሰፊ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎማ ሳያስፈቱ አይለቋችሁም።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።