አዲስ ግራፊክስ ካርድ፦ ፓወር ሰፕላዩና ኬዛችሁ የትኛውን ይችላሉ?

ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጌም ላይ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ምስል) እንደሚሰጥ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ዋቱን እዩ እላለሁ። ካርዱ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዋቱን ካወቃችሁ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው) ይችለው እንደሆነም፣ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ ምን ያህል ሙቀት እንደሚጨመርም አወቃችሁ ማለት ነው።

ሦስት ካርዶችን እንያቸው። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 4060 የሚወስደው 115 ዋት ነው። አርቲኤክስ 4070 ሱፐር 220፣ የኤኤምዲው አርኤክስ 7800 ኤክስቲ ደግሞ 263 ዋት ይወስዳሉ። አምራቾቹ የሚመክሩት ፓወር ሰፕላይ በቅደም ተከተል 550፣ 650 እና 700 ዋት ነው።

4060 ብዙ ጣጣ የለውም። አብዛኞቹ ሞዴሎች አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ይበቃቸዋል። ጤነኛ 550 ዋት ካላችሁ ሰክቶ መጠቀም ነው።

በሁለቱ ትልልቆች መካከል ነው ነገሩ የሚከብደው። 7800 ኤክስቲ የለመድናቸውን ሁለት ባለ 8 ፒን ኬብሎች ይጠቀማል። እያንዳንዱ 150 ዋት፣ የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ደግሞ 75 ዋት ይሰጣል፤ ሲደመር 375፣ ከበቂ በላይ ነው። ብቻ ሁለቱን ከአንድ ኬብል ቅርንጫፍ ከማምጣት ለየብቻ ማምጣቱ ይሻላል። 4070 ሱፐር ላይ በብዛት የምታገኙት አዲሱን ባለ 16 ፒን መሰኪያ ነው። በ2022 አንዳንድ የአርቲኤክስ 4090 ባለቤቶች መሰኪያው ቀልጦባቸው ብዙ ሲወራበት የነበረው እሱ ነው። 4090 ግን 450 ዋት የሚጎትት ካርድ ነው፤ በ220 ዋት ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ግፉት፣ ኬብሉንም መሰኪያው ሥር እንዳታጥፉት።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አያታልላችሁ። ጎኑ ላይ ካለው ሰንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፒር ፈልጉና በ12 አባዙት፤ የምታገኙት የ12 ቮልቱ መስመር የሚሰጠውን ዋት ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚጠቀሙት እሱን ነው። ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው ዋት በላይ ይዘላሉ፤ ጌም መሃል ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ከጠፋ አንዱ ተጠርጣሪ ይሄ ነው። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለውን የፓወር ሰፕላይ ደረጃ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን የሚያሟላ ምረጡ፤ ይህን ዝላይ ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። የ80 ፕላስ ወርቅ ወይም ነሐስ ምልክት የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ብክነት እንጂ ስለ ጥንካሬ አይደለም። የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ኬብል ደግሞ አዲሱ ላይ እንዳትሰኩ። ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፣ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች አቀማመጥ ግን ሊለያይ ይችላል (ደህናውን ሃርድ ዲስክ የሚያቃጥለው እንዲህ ያለ ነገር ነው)።

ወደ ማቀዝቀዣው ስንመጣ፣ ሁለትና ሦስት ፋን ያላቸው ካርዶች ትኩሱን አየር እዚያው ኬዙ ውስጥ ነው የሚበትኑት። ከፊት ንጹህ አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ከሌለ ካርዱ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ያኔ ፋኑ ይጮኻል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። አንድ ፋን ያላቸው ብሎወር የሚባሉት ሙቀቱን በኋላ በኩል ያስወጣሉ፤ ለጠባብ ኬዝ ይመቻሉ፣ ጫጫታቸው ግን አይቻልም። የካርዱን ርዝመትና ውፍረት ከኬዙ ጋር ሳትለኩ አትግዙ።

ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ወይም 550 ዋት ብቻ ላለው ሰው 4060ን እመርጥለታለሁ። ጥሩ 650 ዋትና አየር የሚያስገባ ኬዝ ካለ 4070 ሱፐር፤ ከ7800 ኤክስቲ በ43 ዋት ያነሰ ሙቀት ነው። የ4070 ሱፐር 12 ጊጋ ሜሞሪ አይበቃኝም፣ 16 ይሁንልኝ የሚል 7800 ኤክስቲን ይውሰድ፤ የ700 ዋቱን ፓወር ሰፕላይ ግን አብሮ ይመድብ።