በእጅ የሚዞር የቅርጽ መቁረጫ ከአሥር ወር በኋላ፦ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ሥራ በደብረ ብርሃን

እጀታው ሲዞር ሁለት ሮለሮች የሚጨምቁት፣ አፉ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ማሽን ነው። ከሐምሌ እስከ ሚያዝያ የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የጥር ሰርግና የፋሲካ ካርድ ተሠርቶበታል። ሮለሩም ጥርሱም ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ናቸው። ያለቁት ወረቀቱን መሐላቸው ይዘው የሚገቡት ግልጽ ሰሌዳዎች ናቸው። ስለዚህ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከማሽኑ ዋጋ ይልቅ የሰሌዳውንና የወረቀቱን ወጪ አስቀድሞ ያስላ።

ትልቁ ጥቅሙ መብራት አለመፈለጉ ነው። በዓል ሲቃረብ መብራት ቢጠፋም ቆረጣው አይቆምም። ሁለተኛው ጥቅም ተመሳሳይ ቅርጽ በብዛት ማውጣቱ ነው። ሃምሳ የአደይ አበባ በመቀስ መቁረጥና ሃምሳ ጊዜ እጀታ ማዞር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ለአምስት ካርድ ግን መቀስ ይበቃል።

አደራደሩ እንዲህ ነው፤ ከታች ወፍራሙ መደብ፣ በላዩ አንዱ ግልጽ ሰሌዳ፣ ቀጥሎ ዳይ የሚባለው ቀጭን የብረት ቅርጽ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከዚያ ወረቀቱ መልካም ፊቱን ወደ ስለቱ አዙሮ፣ በመጨረሻ ሁለተኛው ሰሌዳ። ወረቀቱ በግልባጩ ከተቀመጠ የቅርጹ ጠርዝ ለስላሳነቱን ያጣል። ዳዩን ከሮለሩ ጋር ትይዩ አታድርጉት። አራት ማዕዘን ከሆነ ረጅሙ ጎን በአንድ ጊዜ ሮለሩ ሥር ስለሚገባ እጀታው ይከብዳል። ትንሽ ሰያፍ ሲደረግ ግን ስለቱ ቀስ በቀስ ይገባል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሰሌዳው ነው፣ አያስደነግጥም። እጀታውን ለማዞር መላ ሰውነት ካስፈለገ ግን ድርብርቡ በዝቷልና ወደ ኋላ አዙራችሁ አውጡት።

አንዱ ጥግ ሳይቆረጥ ሲቀር ብዙ ሰው ዳዩ ደንዝዟል ብሎ ይጥለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሰሌዳው ነው። ሁልጊዜ በአንድ ፊት፣ በአንድ አቅጣጫ የገባ ሰሌዳ እንደ ጀልባ ይጎብጣል፣ መሐሉም በስለት ምልክት ይሰረጎዳል። በየጊዜው ፊቱን ገልብጡት፣ የሚገባበትንም አቅጣጫ ቀይሩ፤ ዳዩም ዘወትር መሐል ላይ አይቀመጥ። ያም ካልረዳ አንድ ተራ የ80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ከሰሌዳው ሥር ጨምሩ። ካልበቃ ሁለተኛ። ከዚያ በላይ መደራረብ ሰሌዳውን መስበር ነው። ጥልፍ የመሰለ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ዳይ ሲሆን በስለቱና በወረቀቱ መካከል አንድ ቁራጭ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ማስገባት ቅርጹን በቀላሉ ያላቅቃል። አለዚያ በመርፌ ሲለቀም መዋል ነው።

መተኪያ ሰሌዳ ክፍለ አገር ላይ ማግኘት ይቸግራል። ማስታወቂያ ቤቶች ለታፔላ የሚቆርጡት ባለ 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ በውፍረቱ ይገጥማል፤ ጠባዩ ግን ይለያል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፖሊካርቦኔት ሲጎብጥ፣ አክሪሊክ ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩም ይፈናጠራል። የሚጠቀምበት ሰው ካለ ፊቱን ከማሽኑ አፍ ያርቅ፣ የመጀመሪያውን ስንጥቅ ሲያይም ይጣለው።

ልኩ ሌላ ራስ ምታት ነው። እዚህ የሚገኘው ወረቀት ኤ4 ነው፤ ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ካርድ ይሆናል። ከውጭ የሚመጡት ዳዮች ግን አብዛኞቹ ለአሜሪካኖቹ 108 በ140 ካርድ የተለኩ ናቸው። 102 በ133 የሆነው ክፈፍ በእኛ ካርድ ላይ ሲለጠፍ ከግራና ከቀኝ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከላይና ከታች 7.5 ይተርፋል፤ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ካርዱን ወደ 140 ማሳጠር ነገሩን ያቀለዋል፤ ያኔ ከላይና ከታች 3.5 ይቀራል። ወይም ከክፈፍ ዳዮቹ ስብስብ አንድ ደረጃ አነስ ያለውን መጠቀም ነው።

ለካርዱ አካል 250 ግራም፣ ለሚለጠፉት ቅርጾች ከ160 እስከ 200 ግራም ይስማማል። ወረቀቱ ሲታጠፍ ጀርባው ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ የታጠፈው ከወረቀቱ ጅማት፣ ማለትም ክሩ ከተሰለፈበት አቅጣጫ፣ በተቃራኒ ነው። ከመቁረጥ በፊት ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ ለመጠቅለል ያህል ለመጥ አድርጉት፤ ብዙ የማይታገለው ጎን የማጠፊያው ጎን ነው። መስመሩን ቀለሙ ባለቀ እስክርቢቶ አስምሮ ማጠፍ ይበቃል፤ ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በክረምት ወረቀቱ ርጥበት ይጠጣል፣ የተቆረጠውም ጠርዝ ይጨፈረራል። በፕላስቲክ ታሽጎ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ዳዮቹም እንዲሁ፤ ዝገት የጀመረው በነሐሴ ነው።

ጽሑፉና ሥዕሉ ካርዱ ላይ የሚታተምበት ማኅተም ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፣ ምክንያቱም የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ዝግጁ ስብስብ የለም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ቲተር የሚሠሩ ሱቆች ናቸው። መያዣውን ትታችሁ ላስቲኩን ብቻ አሠሩና እንጨት ላይ ለጥፉት፤ ይረክሳል፣ የቀለሙንም ዓይነት እንደ ፍላጎት ትቀያይራላችሁ። የፊደሉ ቁመት ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ። ከዚያ በታች የ«ች» ራስና የ«ኳ» ሥር ያለችው ሰረዝ ቀለም ይሞላባቸዋል። ማዘዣው ላይ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» ብሎ በአንድ ላስቲክ ማስቀረጽ የገንዘብ ብክነት ነው። ለአንድ አዛውንት «አደረሰዎ»፣ ለእህት «አደረሰሽ» ያስፈልጋል። «እንኳን» ለብቻው፣ የበዓሉ ስም ለብቻው፣ «አደረሰህ»፣ «አደረሰሽ»፣ «አደረሳችሁ»፣ «አደረሰዎ» እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሁኑ። በሦስት መስመር ሲታተሙ ያምራሉም። የወንጌላዊ ስም ያለበትን ማኅተም የሚያሠራ ደግሞ ያስብበት፤ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው፣ ያ ማኅተም እንደገና የሚወጣው በ2022 ነው። «ዒድ ሙባረክ» ብቻ ለወንድም ለሴትም ለብዙም ሳይለወጥ ያገለግላል፤ እግዜር ይስጠው።

ግልጹ ባለ ጄል ማኅተም ለአበባና ለሐረግ ጥሩ ነው። አዲስ ሲሆን ቀለሙ ነጠብጣብ ሆኖ ይሰበሰባል፤ ፊቱን በእርሳስ ላጲስ ቀለል አድርጎ ማሸት ያስተካክለዋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጩ ሲጸና ጄሉ ጠዋት ጠዋት ይደርቅና ከመያዣው ይለቃል፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተርም አይዝም። ለብ ባለ ውኃ አጥቦ ማድረቅ፣ ወይም ሥራውን ከረፋዱ በኋላ መጀመር ነው። ሸዋ ሮቢት ያሉ ሠሪዎች ተቃራኒው ይገጥማቸዋል፤ ሙቀቱ ጄሉን ያለሰልሰዋል፣ ፀሐይም ያቢጫዋል። ማጠቢያው ውኃና ጥቂት ሳሙና ብቻ ይሁን፤ ቀለም የሚያሟሟ ኃይለኛ ፈሳሽ ጄሉን ይጎዳል።

ሲታተም ከወረቀቱ ሥር ስስ ስፖንጅ ማንጠፍ መሐሉ ባዶ እንዳይቀር ያደርጋል። ቀጠን ያለ ውኃማ ቀለም በተራ ወረቀት ላይ ቶሎ ይደርቃል። ወፈር ያለው፣ ፒግመንት የሚባለው ቀለም ግን በብርድ ቀን ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ አንጸባራቂ ወረቀት ላይማ ጭራሽ ይዘገያል። ካርዶቹን አትደራርቧቸው።

ለፋሲካ ካርድ የመንዝ ባና ቁራጭ በበግ ቅርጽ ለመቁረጥ የሚፈልግ ይኖራል፤ ሐሳቡ ደስ ይላል። ቀጭኑ ዳይ ግን ሱፉን ግማሽ ቆርጦ ግማሹን ይጎትተዋል። በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በጀርባው ቀብቶ፣ በደንብ አድርቆ ማስገባት ስሱን ጨርቅ ያስቆርጣል። ወፍራሙ ባና ከነኮላውም እሺ አይልም፤ እሱን በመቀስ።

ፖስታው የመጨረሻው ጉዳይ ነው። የቢሮው ረጅም ፖስታ 110 በ220 ስለሆነ ካርዱ ይገባል፤ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ግን ባዶ ይቀራል፣ ካርዱም ውስጡ ይንሸራተታል። ከኤ4 ላይ 210 በ210 የሆነ ካሬ ቁረጡ። ካርዱን መሐሉ ላይ በአግድሙ፣ ጎኖቹ ወደ ካሬው ማዕዘኖች እንዲያዩ አድርጋችሁ አስቀምጡና አራቱን ማዕዘን ወደ መሐል እጠፉ። የግራና የቀኙ ጫፍ መሐል ላይ ልክ ይገናኛሉ፣ የታችኛው በላያቸው ይለጠፋል፣ የላይኛው ክዳን ይሆናል። ቅርጾቹ በስፖንጅ ከፍ ብለው ከተለጠፉ ካሬው እንዳለ ይሁን፣ እጥፋቱን ግን ከካርዱ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር አርቁት።